«ዲስክ ነው» ከማለታችን በፊት፦ በአንገትና በወገብ ሕመም አመረማመራችን ላይ የቀረበ ሒስ

በማንኛውም ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ «ወገቤን ያዘኝ»፣ «ጀርባዬን ይወጋኛል»፣ «ማጅራቴ አልዞር አለኝ» የሚል ሕመምተኛ ሳይመጣ የሚመሽ ቀን የለም። የተለመደ ነገር ግን ዐይንን ያደክማል፤ ሕመምተኛው ወንበሩን ስቦ ሳይቀመጥ የመድኃኒት ማዘዣው ተጽፎ ያልቃል። ይህ ጽሑፍ የተሰናዳው የሕመሙን ብዛት ለመተረክ ሳይሆን አመረማመራችንን ለመተቸት ነው። ትችቱ ጸሐፊውንም ይጨምራል፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይነገራል።

የጉዳዩን ስፋት ለማስታወስ ያህል፣ የዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም እንደነበረባቸው፣ ቁጥሩም እ.ኤ.አ. በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ገምቷል። ሰዎች በአካል መጓደል የሚያሳልፏቸውን ዓመታት በማብዛት ረገድ ይህን ሕመም የሚቀድመው የለም። በአገራችንም ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉ ሸማኔዎች፣ በጠጠር መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚናጡ ሾፌሮች፣ በሽተኛ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያዛውሩ ነርሶች ሁሉ የዚሁ ሕመም ተካፋዮች ናቸው።

በእነዚህ ሰዎች ላይ የምንፈጽመው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀላሉን ሕመም ማክበድ ነው፤ በራሱ ጊዜ ሊሻለው የሚችለውን ሰው በራጅ፣ በኤም.አር.አይ. እና በመርፌ ማመላለስ። ሁለተኛው ከባዱን ማቃለል ነው፤ ነቀርሳ፣ ካንሰር ወይም የኅብለ ሰረሰር መጨፍለቅ ያለበትን ሰው በማስታገሻ ሸኝቶ መላክ። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ አለመጠየቅና አለመዳሰስ።

አምስት ፊርማዎች

ከዓመታት በፊት ጸሐፊው ይሠራበት በነበረ ሆስፒታል አንድ ወጣት ሸማኔ በቃሬዛ መጣ። እግሮቹ መታዘዝ ካቆሙ አራት ቀን ሆኗቸዋል። ካርዱ ሲገለጥ በዘጠኝ ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ታይቷል። በመጀመሪያው «የወገብ ሕመም»፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን»፣ በአራተኛው «የነርቭ ሕመም»፣ በአምስተኛው «ዲስክ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ብዙ ጊዜ የዳይክሎፌናክ መርፌ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ታዟል። ከአምስቱ ገጾች በአንዱም ላይ ልብሱ ወልቆ ጀርባው ስለመታየቱ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ሸሚዙ ሲወልቅ የምርመራው ውጤት በዐይን ታየ። ከትከሻው በታች በጀርባው መሐል ላይ አንድ ጉብታ ወጥቷል። ጎኑ እየከሳ እንደመጣ፣ ሌሊት ሌሊት እንደሚያልበው፣ ሕመሙም ተኝቶ እንኳ እንደማይለቀው የነገረን ስንጠይቀው ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀውም። በሽታው የአከርካሪ ነቀርሳ ነበር። ከረጅም ሕክምና በኋላ በምርኩዝ መሄድ ችሏል፤ ወደ ሽመናው ግን አልተመለሰም።

ከአምስቱ ፊርማዎች ሦስተኛው የጸሐፊው ነው። ያን ቀን ወጣቱን በስንት ደቂቃ እንዳሰናበተው አያስታውስም፤ አለማስታወሱም ራሱ ምስክር ነው።

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ይህንኑ የጀርባ ጉብታና የእግር መስነፍ አገናኝቶ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው። ራጅ ባልነበረበት ዘመን በዐይንና በእጅ የታየውን ነገር፣ ራጅም ላቦራቶሪም ባለበት ዘመን ማለፋችን የመሣሪያ እጥረት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ስም ማውጣትና በሽታ መለየት

የመጀመሪያው ትችት በስያሜዎቻችን ላይ ነው። ሕመምተኛው «ብርድ መታኝ» ወይም «ኩላሊቴን አመመኝ» ቢል አይፈረድበትም፤ የሚሰማውን ነገር የሚገልጽበት ቋንቋ ይኸው ነው። የሚያስወቅሰው ባለሙያው ያንኑ ቃል ተቀብሎ የምርመራ ውጤት አድርጎ ሲጽፈው ነው።

«ኩላሊት» የሚለውን እንውሰድ። የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን የሚሰማ ሲሆን፣ ከትኩሳትና ከሽንት ማቃጠል ጋር ወይም፣ ጠጠር ከሆነ፣ መቀመጥ በማያስችል የሚሄድና የሚመጣ ቁርጠት መልክ ይገለጻል። ጎንበስ ቀና ማለት ብዙም አይለውጠውም። ከአከርካሪ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚነሣ ሕመም ግን ሲታጠፉ፣ ሲገላበጡ፣ ዕቃ ሲያነሡ ይለዋወጣል። በሽንት ምርመራ ጥቂት ነጭ የደም ሕዋሳት ስለታዩ ብቻ የወገብ ሕመምን ሁሉ የሽንት ኢንፌክሽን ማድረግ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛ፣ ትክክለኛው ምክንያት ሳይፈለግ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በነቀርሳ ባክቴሪያ ላይም በመጠኑ ስለሚሠሩ ምልክቱን ለጊዜው አለዝበው ነቀርሳው ዘግይቶ እንዲታወቅ ያደርጋሉ። ከላይ የተጠቀሰው ወጣት ሲፕሮፍሎክሳሲን በወሰደ ቁጥር «ትንሽ ተሽሎኝ ነበር» ማለቱ ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

«ዲስክ ተንሸራቷል» የሚለው አነጋገር ደግሞ ዛሬ በከተሞቻችን ከሁሉም የገነነ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ዲስክ አይንሸራተትም። ከላይና ከታች ካሉት የአከርካሪ አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተያያዘ ነው። የሚሆነው ነገር የውጭው ቀለበት ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ለስላሳ ክፍል ወደ ውጭ መገፋቱና አንዳንድ ጊዜ የነርቭ ሥርን መጫኑ ነው። ሚክስተርና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህ ሁኔታ የሳያቲካ ምክንያት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ ግልጽ ካደረጉ ወዲህ ዲስክ ለወገብ ሕመም ሁሉ መልስ ተደርጎ መወሰድ ጀመረ። ቃሉ ደግሞ የራሱን ጉዳት ያስከትላል። «ተንሸራቷል» የተባለ ሰው ከቦታው የወጣ ነገር እንዳለ ያምናል፤ አንዱ ወደ ቦታው እንዲመልስለት ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፣ ሌላው ዳግም እንዳይንሸራተት ፈርቶ ዕድሜ ልኩን ጎንበስ ማለት ይተዋል። የወጣው የዲስክ ክፍል በብዙዎች ዘንድ ያለ ቀዶ ሕክምና ከጊዜ ጋር እየሟሸሸ እንደሚሄድ ግን የነገረው የለም።

ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያ ነው፤ ነገር ግን በነቀርሳ ወይም በካንሰር የተበላ አከርካሪ ሲታሽና ሲጠመዘዝ ሊሰበር ይችላል። ሕመምተኛውን ወደዚያ የገፋው የእኛው ቃል ከሆነ ኃላፊነቱም የእኛ ነው።

በሦስት መክፈል

የአንገትም ሆነ የወገብ ሕመምን ለመመዘን የሚበጀው አከፋፈል ቀላል ነው። የመጀመሪያው ክፍል የተለየ የበሽታ ምክንያት የማይገኝለት ሕመም ነው፤ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ከሚታዩት የወገብ ሕመምተኞች መካከል ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው የነርቭ ሥር ወይም የኅብለ ሰረሰር መጫን ያለበት ሕመም ነው። ሦስተኛው ከበድ ያለ በሽታ ውጤት የሆነ ሕመም ነው፤ ነቀርሳና ሌሎች ኢንፌክሽኖች፣ ካንሰር፣ ስብራት፣ የአከርካሪ ብግነት ሪህ እዚህ ይገባሉ። ከአከርካሪ ውጭ ካለ አካል የሚመጣ ሕመምም መዘንጋት የለበትም፤ የሆድ ዋና ደም ቧንቧ መለጠጥ፣ የጣፊያ ሳይሆን የቆሽት ብግነት፣ የማኅፀንና የእንቁልጢ በሽታ በወገብ ሊገለጹ ይችላሉ፤ የልብ ሕመምም ወደ አንገትና ወደ መንጋጋ ይዘልቃል።

እዚህ ላይ ሊተች የሚገባው ነገር 90 በመቶ የሚለውን ቁጥር እንደ ፈቃድ መውሰዳችን ነው። «ብዙው ቀላል ነው» የሚለው ዕውቀት ሦስቱን ጥያቄዎች ከጠየቁ በኋላ የሚያረጋጋ እንጂ ሳይጠይቁ የሚያሰናብት አይደለም። ደግሞም ቁጥሩ በአብዛኛው የተገኘው ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ብርቅ ከሆኑባቸው አገሮች ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የነቀርሳ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለሆነም ከሌላ አገር የተቀዳ የመመሪያ ሠንጠረዥ ግድግዳችን ላይ ሲለጠፍ የአገራችን በሽታዎች በእጅ ተጽፈው ሊጨመሩበት ይገባል።

ምን ብለን እንጠይቅ?

«መቼ ጀመረህ? የት ያምሃል?» ብሎ ማቆም ታሪክ መውሰድ አይባልም። ጠቃሚው ጥያቄ ሕመሙ ምን ሲሆን እንደሚብስና ምን ሲሆን እንደሚቀል የሚጠይቀው ነው። ተንቀሳቅሶ የሚብሰው፣ ሲያርፍ የሚቀለው አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። በተቃራኒው ዕድሜው ከ45 ዓመት በታች ሆኖ በዝግታ የጀመረው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ የሚያደርቀው፣ ሲንቀሳቀስ ግን የሚሻለው ሰው የአከርካሪ ብግነት ሪህ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ወጣት «እረፍ» ማለት በሽታውን ማባባስ ነው። ጥቂት መንገድ ሄዶ ሁለቱም እግሮቹ የሚከብዱትና የሚያሙት፣ ቁጭ ሲል ወይም ወደ ፊት ጎንበስ ሲል የሚለቀው አዛውንት ደግሞ የኅብለ ሰረሰር ቦይ መጥበብ ያለበት መሆኑን ያመለክታል።

ቀንም ሌሊትም የማይለቅ፣ በማረፍ የማይቀል፣ ሳምንት ከሳምንት እየገፋ የሚሄድ ሕመም ግን የተለየ ትኩረት ይሻል። መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የሌሊት ላብ፣ ቀደም ሲል ነቀርሳ መታከም ወይም ከታማሚ ጋር መኖር፣ የኤች.አይ.ቪ. ሁኔታ ይጠየቁ። የአከርካሪ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሳል ላይኖረው፣ የደረቱ ራጅም ጤነኛ ሊሆን እንደሚችል ይታወስ፤ ትኩሳት አለመኖሩም አያረጋጋም። ከብት ለሚያረባ ወይም ያልፈላ ወተት ለሚጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስን ማሰብ ያስፈልጋል። ቀደም ሲል በጡት፣ በፕሮስቴት፣ በሳንባ፣ በኩላሊት ወይም በታይሮይድ ካንሰር የታከመ ሰው የሚያቀርበው አዲስ የጀርባ ሕመም ወደ አጥንት የተሠራጨ ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ተራ ሕመም አይታይም። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደና በዕድሜ የገፋ ሰው በቀላል መውደቅ፣ አንዳንዴም ሳይወድቅ፣ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል።

አንድ ጥያቄ ግን ለማንም ሳይቀር መቅረብ አለበት፤ ይህም ስለ ሽንትና ስለ ሰገራ ነው። ሽንቱ የተያዘበት ወይም ሳያውቀው የሚያመልጠው፣ በኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚያርፈው የሰውነት ክፍል የደነዘዘው፣ ሁለቱ እግሮቹ የሰነፉ ሰው ከኅብለ ሰረሰሩ መጨረሻ በታች እንደ ፈረስ ጭራ የሚወርደው የነርቭ ጥቅል ተጭኖበት ሊሆን ይችላል። ይህ ቀጠሮ የማይሰጥበት፣ በሰዓታት የሚቆጠር አደጋ ነው። ሕመምተኛው ስለ ሀፍረት በራሱ አያነሣውም፤ እኛም ስለ ሀፍረት ካልጠየቅን ሁለት ሀፍረቶች ተገናኝተው አንድ ሰው ያሽመደምዳሉ።

የአደጋ ምልክቶች ዝርዝርስ?

የአደጋ ምልክቶችን ዝርዝር መሸምደድ ብቻውን መፍትሔ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ዝርዝሩም ሒስ አያጣም። በአውስትራሊያ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የታዩ 1,172 አጣዳፊ የወገብ ሕመምተኞችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከባድ በሽታ ያገኘው በ11 ሰዎች ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ስምንቱ ስብራት ነበሩ። ቢያንስ አንድ የአደጋ ምልክት የነበራቸው ግን ከመቶ 80ዎቹ ናቸው። እንግዲህ አንድ ምልክት ያለበትን ሁሉ ወደ ከፍተኛ ምርመራ እንላክ ብንል ከአምስቱ አራቱን ልንልክ ነው።

ከዚህ የምንማረው ምልክቶቹ ዋጋ ቢስ መሆናቸውን አይደለም፤ ተደምረው እንጂ ተነጥለው እንደማይመዘኑ ነው። ዕድሜው 60 የሆነ ሰው ብቻውን አያሰጋም፤ 60 ሆኖ፣ ከስቶ፣ ሌሊት የማያስተኛ አዲስ ሕመም ያለው ግን ያሰጋል። ዝርዝር ለማስታወስ ያግዛል እንጂ ስለ እኛ አያስብም።

ዐይን፣ እጅና መዶሻ

አካላዊ ምርመራ ልብስ ከማስወለቅ ይጀምራል። ሕመምተኛው ሲገባ አካሄዱ፣ ሲቆም የጀርባው ቅርጽ፣ ሲጎነበስ የሚያሳየው ሥቃይ ይታይ። እያንዳንዱ የአከርካሪ አጥንት በአውራ ጣት ተጫን ተጫን እየተደረገ ይዳሰስ፤ በአንድ አጥንት ላይ ብቻ የሚሰማ ጥርት ያለ ሕመም ስብራትን፣ ኢንፌክሽንን ወይም ካንሰርን ያሳስበናል።

ሕመሙ ከጉልበት በታች የሚወርድ ከሆነ ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ሳይታጠፍ ቀስ ብሎ ይነሣ። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ምርመራው አዎንታዊ ነው። ብዙዎቻችን ወገቡን ብቻ ሲያመው ወይም ከጭኑ ኋላ ያለው ጡንቻ ሲወጠርበት «አዎንታዊ» ብለን እንጽፋለን፤ ይህ ስሕተት ነው። ይህ ምርመራ የነርቭ ሥር መጫን ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ አያመልጥም፤ ነገር ግን ሌላውንም አብሮ ይይዛል። ጤነኛው እግር ሲነሣ የታመመው እግር ካመመ ግን የዲስክ መውጣት ስለመኖሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ ጉልበትና ስሜት ይለካ። ከታችኛው ጀርባ ከሚወጡት የዲስክ ችግሮች እጅግ የሚበዙት በመጨረሻዎቹ ሁለት የዲስክ ቦታዎች ላይ የሚደርሱ በመሆናቸው ሁለት ነርቮችን በሚገባ መፈተሽ ብዙውን ያሳየናል። አምስተኛው የወገብ ነርቭ ከተነካ የእግር አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሣት ይከብዳል፣ የእግር ጀርባ ይደነዝዛል፤ በተረከዝ መሄድም ያስቸግራል። የመጀመሪያው የሳክራል ነርቭ ከተነካ ደግሞ በጣቶች ጫፍ መቆም ያቅታል፣ የእግሩ የውጭ ጎን ይደነዝዛል፣ የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስም ይጠፋል። አራተኛው የወገብ ነርቭ የጉልበትን ሪፍሌክስ ያደክማል። ይህ ሁሉ ከመዶሻ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም።

የተዘነጋው አንገት

አንገት ከወገብ ይበልጥ የተዘነጋ ነው። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ያለበት ሰው አንገቱን ወደሚያመው ጎን አዘንብሎ ወደ ኋላ ሲያቀና አናቱ በቀስታ ተጭኖ ሕመሙ ወደ ክንዱ ከወረደ የነርቭ ሥር መነካቱን ያመለክታል፤ ስብራት፣ ኢንፌክሽን ወይም የኅብለ ሰረሰር መጫን በሚጠረጠርበት ሰው ላይ ግን ይህን ማድረግ ክልክል ነው። ስድስተኛው የአንገት ነርቭ ሲነካ አውራ ጣት፣ ሰባተኛው ሲነካ የመሐል ጣት፣ ስምንተኛው ሲነካ ትንሿ ጣት ይደነዝዛል። ሰባተኛው ክንድን የመዘርጋት ጉልበትንና የትራይሴፕስ ሪፍሌክስን ይወስዳል። አንገቱ የደረቀና ትኩሳት ያለው ሰው ደግሞ ማጅራት ገትር እንዳይሆን ወዲያውኑ ይታሰብበት።

ከሁሉም የሚያሳስበው በአንገት ደረጃ የሚደርስ የኅብለ ሰረሰር መጫን ነው። ሕመም ላይኖረው ይችላል። ሰውየው የሚናገረው ቁልፍ መቆለፍ እንዳቃተው፣ ብዕር ከእጁ እንደሚወድቅበት፣ ሲሄድ እንደሚንገዳገድ ነው። እኛም «እግር ሰነፈ» በሚለው ቃል ተመርተን የወገብ ምስል እናዛለን፤ የዕድሜ ለውጥ ያረፈበት ዲስክ እናገኛለን፤ ምክንያቱን ያገኘን መስሎን እናርፋለን። ኅብለ ሰረሰር ግን የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ስለሆነም የጉልበት ሪፍሌክሱ ከልክ በላይ የሚዘል፣ ውስጥ እግሩ ሲጫር አውራ ጣቱ ወደ ላይ የሚነሣ ሰው በሽታው በታችኛው ወገብ ዲስክ ሊሆን አይችልም። ወደ ላይ ወጥተን ደረቱንና አንገቱን መፈለግ አለብን። ይህን አንድ ነጥብ መያዝ ብቻውን ብዙዎችን ከዘላቂ ሽባነት ያድናል።

ምስል የሚነግረንና የማይነግረን

በከተማ ያለው ሕመምተኛ ዛሬ ከታሪኩ በፊት የኤም.አር.አይ. ፊልሙን ያቀርባል። ፊልሙን መናቅ አይገባም፤ ማምለክም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች በኤም.አር.አይ. ሲታዩ በሁሉም ደረጃ ጤነኛ ዲስክ የተገኘባቸው 36 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ቢያንስ በአንድ ቦታ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ስብስብም ሕመም ከሌለባቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንት መካከል ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ መጃጀት እንደሚታይባቸው አስረድቷል። የፀጉር መሸበትን በሽታ የሚል የለም፤ የዲስክን ሽበት ግን በሽታ ብለን ለቀዶ ሕክምና እናስመዘግባለን።

ስለሆነም በምስሉ ላይ የታየው ነገር ዋጋ የሚኖረው ከጎኑ፣ ከደረጃውና ከምርመራው ጋር ሲስማማ ነው። የግራ ዲስክ የቀኝ እግርን ሕመም አያስረዳም። ለዚህ ምስል ደግሞ ከገጠር የመጣ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ የሕክምናውን አቅጣጫ የማይለውጥ ከሆነ በሬው የተሸጠው በከንቱ ነው።

በአንጻሩ ጤነኛ የሚመስል ራጅም አያዘናጋን። አጥንት ከማዕድኑ ሲሶ እስከ ግማሽ ያህል እስኪያጣ ድረስ ጉዳቱ በራጅ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ታሪኩ ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚያሳስብ ሆኖ ራጁ ጤነኛ ቢሆን «የለበትም» ሳይሆን «ገና አልታየም» ማለት ይገባል። ኢ.ኤስ.አር. ከፍ ማለቱ ወደ ከባድ በሽታ ይጠቁማል እንጂ አይወስንም፤ ከተጎዳው ቦታ ናሙና ተወስዶ በጂን ኤክስፐርትና በሌሎች ዘዴዎች ቢረጋገጥ መልካም ነው። ኤም.አር.አይ. እውነተኛ ባለውለታ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአጭሩ ምስሉን የሚፈልገው ሰው ሳይመረመር ተመልሷል፤ የማይፈልገው ሁለት ጊዜ ተነሥቷል።

«ጊዜ የለንም»

ይህን ሁሉ ያነበበ ባልደረባ «በቀን ስንት ሰው እንደማይ ታውቃለህ?» ቢል እውነት አለው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሕመምተኛውም መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ይሁን እንጂ ሸሚዝ ማስወለቅ፣ አከርካሪን መዳሰስ፣ በተረከዝና በጣት ጫፍ ማስኬድ፣ እግርን ማንሣት፣ ሁለት ሪፍሌክስ መፈተሽ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ስለ መክሳት፣ ስለ ሌሊት ላብና ስለ ሽንት የሚጠየቀውን ተቀባይዋ ነርስ አስቀድማ ልትጠይቅ ትችላለች። ያልተመረመረው ሕመምተኛ ደግሞ ወረፋውን አያሳጥርም፤ አምስት ጊዜ ተመልሶ ያስረዝመዋል።

ጊዜም ራሱ መመርመሪያ ነው። የአደጋ ስብስብ የሌለበት ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲመለስ ተነግሮት ቢሸኝ ቸልታ አይደለም፤ ቸልታ የሚሆነው ምን ሲያይ ቀድሞ መምጣት እንዳለበት ሳይነገረው ሲሸኝ ነው። በሚሸኝበትም ጊዜ የሚሰጠው ቃል የሕክምናው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ሁለት ቀን ብቻ የተኙ የወገብ ሕመምተኞች ሰባት ቀን ተኙ ከተባሉት ይልቅ ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ለሥር ሰደድ የወገብ ሕመም ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶን፣ አከርካሪ መጎተትንና የኦፒዮይድ መድኃኒቶችን በዘወትር አሠራር እንዳንሰጥ አሳስቧል። እናም ሰውየው በደንብ ተመርምሮ «ወገብህ ጠንካራ ነው፤ እየሠራህ ይሻልሃል» ቢባል ከብዙ መርፌ ይበልጣል። ያልተመረመረ ሰው ግን ይህን ቃል አያምነውም፤ ማመንም የለበትም።

በተጨማሪ ጸሐፊው በየክፍሉ ሊሠራበት የሚችል አንድ ደንብ ያቀርባል። በአንድ ዓይነት የአንገት፣ የጀርባ ወይም የወገብ ሕመም ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ ሰው እንደ አዲስ ይታይ፤ ከዚህ በፊት የተጻፈው ስም ተሸፍኖ ታሪኩ ከመነሻው ይወሰድ፤ ልብሱ ወልቆ ይመርመር፤ የታየውና ያልታየው ሁሉ በካርዱ ላይ ይጻፍ። በካርድ ላይ የተጻፈ ስም በተደጋገመ ቁጥር እውነት ይመስላልና።

ያ ወጣት ለሦስተኛ ጊዜ በመጣ ዕለት እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር ኖሮ በእግሩ ቆሞ ነበር። ጸሐፊው ያን ዕለት ከሁለተኛው ገጽ ላይ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» የሚለውን ገልብጦ ፈረመ። ዛሬ ሕመምተኛ «ወገቤን» ሲለው ብዕሩን ያስቀምጥና በቅድሚያ «ሸሚዝህን አውልቅ» ይላል።